ሕግ አውጪ፣ ከሕግ ወጪ

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ላይ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ተጨናንቋል፣ ወያላው ደግሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሙቀት ነው የሚሆናችሁ» እያለ ከወንበሩ ቁጥር በላይ ጭኖናል። ትንሽ እንደሄድን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ትርፍ ጭነት! መንጃ ፈቃድ ተጠየቀ፤ ሾፌሩ «ዛሬን ይለፉኝ፣ የልጆች አባት ነኝ» እያለ ተለማመጠ። ትራፊኩም የልጆች አባት ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ቅጣቱን ይጽፍ ጀመር። ሕጉ ነው፣ ምንም አይባልም።

ይህን በመስኮት እያየን ሳለ አንድ ጥቁር መስታወት ያለው ትልቅ ላንድ ክሩዘር ከኋላችን መጣና፣ ከተሰለፈው መኪና ሁሉ ወጥቶ፣ በተቃራኒው መስመር ሽው ብሎ አለፈ። ከፊት የሚመጡት መኪኖች ጥግ ጥጋቸውን ያዙለት። ትራፊኩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለና በወታደር ደንብ ሰላምታ ሰጠ።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ማን ናቸው እሳቸው?» ብለው ጠየቁ።

«ሕግ አውጪ ናቸው አባባ» አለ ወያላው።

«በምን አወቅህ? መስታወቱ ጥቁር ነው እኮ።»

«ከሕጉ ሲወጡ አላዩም እንዴ?»

ታክሲው በሳቅ አውካካ። ያልሳቀው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ ቅጣቱን የሚከፍለው እሱ ነዋ!

እውነቱን ለመናገር በዚያ መኪና ውስጥ ማን እንደነበረ ወያላውም እኔም አላየንም። የባለሀብት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ምጥ የያዛት ሴትም ልትሆን ትችላለች። ሰውን በጥቁር መስታወት መኮነን ደግ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ውስጥ «የለም፣ ሕግ አውጪማ እንዲህ አያደርግም» ብሎ የተከራከረ አንድ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። ሰው የሚስቀው የሚያውቀውን ነገር ሲነግሩት ነውና፣ እኔን ያሳሰበኝ መኪናው ሳይሆን ሳቁ ነው።

ቡና ቤትም ቢሆን ወሬው ያው ነው። «ያለመከሰስ መብት» የሚለው ሐረግ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚገባው «የፈለጉትን የማድረግ ፈቃድ» ተብሎ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ተሾመ፣ እንግዲህ ማን ይከሰዋል!» ይላል፣ ስለ ወረዳ ሹም ሲያወራ እንኳ። የወረዳ ሥራ አስኪያጅ ያለመከሰስ መብት የለውም ብትለው ይስቅብሃል። «በወረቀት ላይ ነው የሌለው!»

እስቲ ወረቀቱን እንየው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሲናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደንግጓል። አንደኛው (ንዑስ አንቀጽ 5) አባሉ በምክር ቤቱ ስብሰባ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ ምክንያት አይከሰስም፣ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም ይላል። ሁለተኛው (ንዑስ አንቀጽ 6) ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም ይላል።

እነዚህ ሁለቱ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። የመጀመሪያው የአንደበት ጥበቃ ነው። ቁርጥ ያለ ነው፤ ምክር ቤቱ ራሱ «ተናገርክ ተብለህ ተከሰስ» ሊለው አይችልም። ሁለተኛው ግን እጅ ለሠራው ሥራ የተሠራ በር ነው፤ ግንብ አይደለም። በሩን የሚከፍተው ምክር ቤቱ ነው፣ መክፈት ሲገባውም መክፈት አለበት። ለዚያውም በሩ የቆመው በእስርና በወንጀል ክስ ፊት ብቻ ነው። የቤት ኪራይ አልከፈለም ብሎ በፍትሐ ብሔር መክሰስን የሚከለክል ነገር እዚያ ላይ አልተጻፈም። ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ላይ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ «ከምክር ቤት አባላት በስተቀር» የሚል ጭራ የለውም።

ይህን ያህል ከተጻፈ ታዲያ ወያላው ለምን ቀለደ? እንደሚመስለኝ ነገሩ ሥር አለው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ይኼ ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሕግም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት፣ በጥንቱ ልማድ መሠረት ማንም ሰው ንጉሠ ነገሥቱን ሊከስ እንደማይችል በግልጽ ጽፎታል። ወዲያው ግን ቀጥሎ በመንግሥት ሥራ የተበደለ ሰው መንግሥትን መክሰስ እንደሚችል ይናገራል። ሰማዩን አታርስም፤ ምድሩን ግን ማረስ ትችላለህ እንደማለት።

ምድሩን ሲያርሱ ደግሞ አይቻለሁ። አያቴ ባለ ትንሽ ርስት ነበረች፤ በአካባቢው ያለው ጭቃ ሹም ድንበሯን ገፋ አድርጎ አሳረሰ። ሹም ነው፣ በቅሎ አለው፣ ሎሌ ያስከትላል። አያቴ አንድ የገበያ ቀን መንገድ ዳር ጠበቀችውና ነጠላዋን አደግድጋ ከፊቱ ቆመች። «በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ!» አለች፤ ጮክ ብላ እንኳ አልነበረም። በቅሎዋ ቆመች። ሎሌዎቹ ቆሙ። ሰውየው ወረደ! ከበቅሎው ወርዶ መሬት ላይ፣ ከእሷ ትይዩ ቆመ። እኔ ልጅ ነኝ፤ የገረመኝ የሰውየው ማጠር ነበር። በቅሎ ላይ ሆኖ ግዙፍ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን አላሳምረውም። ክርክሩ ሁለት ክረምት ፈጀ፣ አያቴ ለዳኛውም ለነገረ ፈጁም ስንት ማድጋ ጠላና ማር ተሸክማ ተመላለሰች፣ በመጨረሻም የተመለሰላት ከተወሰደባት ግማሹ ነው። በዚያ ዘመን ጭሰኛ በባላባት ላይ ሲፈረድለት የታየበትን ጊዜ የሚቆጥር ሰው ብዙ ጣት አያስፈልገውም ነበር። ቢሆንም «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው ነገር ባዶ አልነበረም። በየገበያው ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው አንድ ላይ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ሲሄዱ ይታዩ ነበር አሉ፣ ከእኔ ዘመን የሚቀድሙት። አበዳሪውና ተበዳሪው፣ ሀብታሙና ደኻው በአንድ ቋጠሮ! ሁለቱም እኩል ይራመዳሉ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። የሕግ እኩልነት የሚባለውን ነገር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሥዕል አላውቅም።

ወደ ምክር ቤቱ ልመለስ። ያለመከሰስ መብት የሚባለው ነገር የተወለደው ባለሥልጣንን ከሕዝብ ለመከለል አይደለም። የሕዝብን ተወካይ ከባለሥልጣን ለመከለል ነው። ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የእንግሊዞች ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 1642 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ወታደር አስከትሎ አምስት አባላትን ሊይዝ ወደ ምክር ቤቱ ገባ። አምስቱ ቀድመው ሰምተው በጀልባ አምልጠዋል። ንጉሡ በአፈ ጉባኤው ወንበር ፊት ቆሞ የት እንዳሉ ጠየቀ፤ አፈ ጉባኤው ሌንታል ተንበርክኮ፣ ቤቱ ካላዘዘው በቀር የሚያይበት ዓይንም የሚናገርበት አንደበትም እንደሌለው መለሰ። ተንበርክኮ እምቢ ማለት እንዲህ ነው! በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ፤ ንጉሡም በ1649 አንገቱን ተቀላ። ከዚያ በኋላ በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ በምክር ቤቱ ውስጥ የተነገረ ነገር በፍርድ ቤትም ሆነ በሌላ ቦታ ሊከሰሱበት እንደማይቻል ደነገገ። የእኛው አንቀጽ 54(5) የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ 320 ዓመት ዘለል አድርጉልኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የለንደን ጋዜጣ የምክር ቤት አባላቱ ከመንግሥት ካዝና ያወራረዱትን የወጪ ሒሳብ ዘርዝሮ አወጣው። ጉድ ነው! ለዳክዬዎቹ ማደሪያ 1,645 ፓውንድ ክፈሉኝ ያለ አለ፤ የርስቱን የውሃ ቦይ ያስጠረገበትን ያስመዘገበ አለ። አብዛኛው ነውር ነበር እንጂ ወንጀል አልነበረም። ጥቂቶቹ ግን የሐሰት ሰነድ አቅርበው ገንዘብ ወስደዋል ተብለው ተከሰሱ። ዴቪድ ቼይተር፣ ኢሊየት ሞርሊና ጂም ዲቫይን የተባሉት ሦስቱ ታዲያ ምን ይዘው ቢከራከሩ ጥሩ ነው? ያንኑ የ1689 ሕግ! የወጪ ማመልከቻ ማቅረብ የምክር ቤት ሥራ ነው፣ ስለዚህ ፍርድ ቤት አያገባውም አሉ። በንጉሥ ወታደር ፊት የተሠራ ጋሻ የሐሰት ደረሰኝ ሊሸፈንበት ሆነ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በ2010 መጨረሻ ዘጠኝ ዳኞች ተሰይመው፣ ያ መብት የተሰጠው ለነፃ ክርክር ነው፣ የወጪ ማመልከቻ ክርክር አይደለም፣ እንደ ማንኛውም ሰው መደበኛ ፍርድ ቤት ቅረቡ አሏቸው። ቼይተር በ2011 መጀመሪያ የ18 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በዚያች አገር ማንም ምክር ቤቱ ተደፈረ ያለ የለም። እንዲያውም የተደፈረው ሲሰርቁ ነበር።

እንግሊዞች መላእክት ናቸው ማለቴ አይደለም። በኮሮና ጊዜ ሕዝቡ ዘመዱን እንዳይቀብር፣ ጎረቤቱን እንዳይጠይቅ የሚከለክለውን ደንብ ያወጣው መንግሥት በራሱ ቢሮ ውስጥ ግብዣ ያደርግ ነበር። በኤፕሪል 2021 ንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤታቸውን ሲቀብሩ ደንቡን አክብረው ብቻቸውን ተቀምጠው ታይተዋል፤ በዋዜማው ምሽት በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሲጠጡ ነበር ያመሹት። በኋላ ፖሊስ 126 ቅጣት ጻፈ። ከተቀጡት መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰንና የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክ ነበሩ፤ ሃምሳ ሃምሳ ፓውንድ። ሃምሳ ፓውንድ ለእነሱ የምሳ ሒሳብ ናት። ጆንሰንን ከምክር ቤቱ ያስወጣው ግን ገንዘቡ ሳይሆን ምክር ቤቱን ማሳሳቱ ነው፤ የራሱ ፓርቲ ሰዎች የሚበዙበት ኮሚቴ መርምሮት ጥፋተኛ ሊለው እንደሆነ ሲያውቅ በ2023 ወንበሩን ለቀቀ። ሱናክ ደግሞ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023፣ በምትሄድ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ ሳያስር ቪዲዮ ሲቀረጽ ታየና በላንክሻየር ፖሊስ ተቀጣ። የክፍለ ሀገር ፖሊስ የአገሩን ጠቅላይ ሚኒስትር! በቀበቶ! ይህን ዜና ያነበብኩ ቀን ስንት ሰው ደውዬ እንደነገርኩ አልቆጥረውም። አንዱም «ውሸት ነው» አላለኝም፤ ሁሉም ያሉት «እነሱ አገር!» ነው።

ደግሞ ሕግ አውጪ ከሕግ የሚወጣበት ሌላ፣ ረጋ ያለ መንገድ አለ። ሕጉን ሲጽፍ ራሱን መተው! ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ያጫወተኝ ነው። አሜሪካኖቹ ስለ ሠራተኛ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት፣ ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት፣ በዘርና በፆታ ስላለማዳላት ብዙ ሕግ ሲያወጡ ኖረው፣ ብዙዎቹ ሕጎች በራሱ በኮንግረሱ ሠራተኞች ላይ በወጉ አይሠሩም ነበር። ሬስቶራንት ያለው ሰው አስተናጋጁን ሲበድል ይከሰሳል፤ ሕጉን ያወጣው ሰው ቢሮውን የሚያጸዳለትን ሲበድል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የኮንግረስ ተጠያቂነት ሕግ ነው። ቢሆንም የአክስቴ ልጅ እንደሚለው አሁንም ጣፋጭ ጣፋጩ አልቀረም፤ በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት የምክር ቤት አባል የአክሲዮን ግዢና ሽያጩን በጊዜው ካላሳወቀ ቅጣቱ የሚጀምረው ከ200 ዶላር ነው። «እኔ መኪናዬን ያለ ቦታዋ ባቆማት ስንት እንደምከፍል ታውቃለህ?» አለኝ።

እኛ ጋ ያለው ችግር ግን የዳክዬ ቤትም የአክሲዮንም አይደለም። እኔ እንደማየው እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጦ የቆመ ነው። ለአንደበት የተሠራው ጥበቃ አንደበትን አይጠብቅም፤ እጅን ለመያዝ የተተወው በር ደግሞ የሚከፈተው ሰውየው ከሥልጣን ሰዎች ጋር ሲጣላ ነው።

ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ምክር ቤት አንገባም ያሉት የተቃዋሚ ተመራጮች በ1998 መጀመሪያ ላይ ያለመከሰስ መብታቸው ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ መሪዎቹ እስር ቤት ገቡ። በኅዳር 2013 የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የ39 አባላት መብት ባንድ ቀን ተነሳ። በነሐሴ 2015 አቶ ክርስቲያን ታደለ የተባሉት የምክር ቤት አባል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲያዙ ደግሞ በሩን ማንኳኳት እንኳ አላስፈለገም፤ መብታቸው አስቀድሞ ሳይነሳ ነው የታሰሩት። ስለ እያንዳንዱ ጉዳይ ማን ጥፋተኛ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን መፍረድ የፍርድ ቤት ነገር ነው፤ አልገባበትም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ፣ ከገዢው ፓርቲ ጋር ያልተጣላ፣ ወንበሩ የጸና፣ ግን በተራ ወንጀል፣ በማጭበርበር ወይም ሰው በመግጨት ተጠርጥሮ ምክር ቤቱ «ሂድ፣ እንደ ሰዉ ተከራከር» ብሎ በሩን የከፈተበትን አባል እስቲ ጥሩልኝ። ብዙ ስም እንደማትጠሩልኝ እገምታለሁ። ወይ አባሎቻችን አብዛኞቹ ጻድቃን ናቸው፣ ወይ...

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዋስትናው ታሪክ ነው። በ1993 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ ለሁለት ሲሰነጠቅ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ምክር ቤቱ ደግሞ በጥድፊያ አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፦ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት የለውም። ሕዝቡ ስም ለማውጣት አይቸገርም፤ «የስዬ ሕግ» አለው። ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ሕግ!

የተሰፋው ግን ለአንድ ሰው ብቻ አልሆነም። እጁን ያወጡት የምክር ቤት አባላት ያን ቀን ያሰቡት አንድ ሰውን ነው፤ ሕጉ ግን ስም አያውቅም። አዋጁ በ1997 ላላ ተደርጎ፣ ከ10 ዓመት በታች ለሚያስቀጣው ጥፋት ዋስ እንዲፈቀድ ቢሻሻልም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንት የወረዳ ገንዘብ ያዥ፣ ስንት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ በዚያ በር ገብቶ ከልጆቹ ተለይቶ ክሱን ታስሮ ሲከታተል ኖሯል። ትልቁን ዓሣ ለማጥመድ የተጣለ መረብ ትንንሾቹንም ይዞ ነው የሚወጣው። ቆይቶም ትልልቆቹ መጡ። በግንቦት 2005 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ፤ ማዕረጋቸው የሚኒስትር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ለሕግ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም የሚጣፍጥ ክርክር ተነሳ። በ1988 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን ከሥራው ጋር በተያያዘ ወንጀል ሲከሰስ ጉዳዩ በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታያል ይላል። ሲሰሙት ክብር ነው፤ ተራው ሰው ከታች ይጀምራል፣ ባለሥልጣኑ ከአናቱ። ግን አስቡት። ከአናቱ የጀመረ ሰው ይግባኝ የሚለው ወዴት ነው? ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በላይ ማን አለ? ለክብር የተሠራው መሰላል ጣሪያው ላይ አድርሶ ጥሎት ሄደ። ጥያቄው ለሕገ መንግሥት ትርጉም ተልኮ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2006 ዓ.ም. ድንጋጌው ይግባኝ የማለትን መብትና የእኩልነትን መርህ የሚጥስ ነው ብሎ ወሰነ። አቶ መላኩም ጉዳያቸው በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲታይ ሆነ። ክሳቸው በኋላ በ2010 ተቋርጦ ተፈቱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የአገራችን ፖለቲካ መቼም ተከታታይ ድራማ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ያ ውሳኔ ነው። እኩልነት ሲባል ሁልጊዜ የሚታየን ትልቁን ሰው ወደ ታች መጎተት ነው። እዚያ ላይ ግን እኩልነትን የጠየቀው ትልቁ ሰው ነበር። ከዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ጋር በአንድ ወረፋ መቆም መብቱ ሆኖ ተገኘ። በዚያ በ1993 ክረምት ዋስትናን ያስወገዱት ሰዎች ይህን አስቀድመው ቢያዩት እጃቸውን ለማውጣት ትንሽ ያመነቱ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንድ ሰው ሕግ ሲያወጣ፣ ነገ ያ ሕግ በእሱ በራሱ በር ላይ እንደሚቆም አውቆ ሲያወጣና እኔን አይነካኝም ብሎ ሲያወጣ፣ የሚጽፈው አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ትንሿ ነገር። ስለ ሀብት ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002 የምክር ቤት አባላትንም ይጨምራል። ቤታቸውን፣ መሬታቸውን፣ ገንዘባቸውን ያስመዘግባሉ፣ በየሁለት ዓመቱ ያድሳሉ። የተመዘገበውም መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል፤ በጽሑፍ ጠይቆ ማየት ይቻላል። ከአንባቢዎቼ ውስጥ የራሱን ተወካይ ሀብት ጠይቆ ያየ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት ግን የራሱን ተወካይ ስም የሚያውቅ ስንት ነው? ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው፤ ከነዚህ አንዷ የእርስዎ ናት። አንቀጽ 54(7) ደግሞ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት ይችላል ይላል። ስሙን የማናውቀውን ሰው እንዴት አድርገን ነው የምናነሳው?

ይህን ነገር ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ስንጨዋወት ነበር። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰምተው ዝም አሉኝ። በማግሥቱ ሲጠሩኝ በዚያ ባማረ የመምህር ጽሕፈታቸው ደብዳቤ ጽፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። የምርጫ ክልላችን ተወካይ ያስመዘገቡትን ሀብት ማየት እፈልጋለሁ የሚል፣ የአዋጁ ቁጥር የተጠቀሰበት፣ አንድ ገጽ።

ባለቤታቸው ቡና እየቀዱ ደብዳቤውን ገርመም አደረጉት። «ሰውዬው ምን አድርገውህ ነው?» አሏቸው።

«ምንም አላደረጉኝም።»

«ምንም ካላደረጉህ ምን ቸገረህ? ያልነኩህን ሰው ትነካለህ?»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና ለእኔ ፊታቸውን አዞሩ። «አየህ፣ ይቺ ናት» አሉኝ፤ ግን ምኗ እንደሆነች አልነገሩኝም። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ክርክሩ ቀጠለ። እትዬ መዘዝ ያመጣል ይላሉ፤ ጋሼ መብቴ ነው ይላሉ። አድራሻው ይቀየር ተባለ፣ ፊርማው በደንብ አይነበብ ተባለ፣ የእኔም ስም ይጨመርበት ተባለ (ፈረምኩ)። ሁለቱ ባልና ሚስት ያለ አንዳች ክርክር የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የመጀመሪያው መስመር ነው። «ለተከበሩ» ይላል።